ጣሪያ ላለው በረንዳ ምን ዓይነት የእንጨት ወለል ይስማማል?

ጥያቄ፦ የቤታችን በረንዳ ጣሪያ ቢኖረውም በሦስት ወገን ክፍት ነው። ከግድግዳው ጋር ትይዩ በተዘረጉ ሞራሌዎች ላይ የነበረው ጣውላ በስብሶ ስለነበር አንስተነዋል። በምትኩ ከሳሎን የተረፈውን ፓርኬት ለማንጠፍ አስበናል፤ አናጢያችንም «ጣሪያ እስካለው ድረስ ምንም አይሆንም» ይለናል። ትክክል ነው? ካልሆነስ ምን ዓይነት እንጨት እንምረጥ፣ እንዴትስ ይገጠም?

መልስ፦ በዚህ ነገር ከአናጢዎ ጋር አንስማማም። ጣሪያ በቀጥታ የሚወርደውን ዝናብ ይመልሳል እንጂ ነፋስ የሚገፋውን ወጨፎም ሆነ የአየሩን እርጥበት አያስቀርም። የሳሎን ፓርኬት ለቤት ውስጥ አየር ተብሎ የደረቀ በመሆኑ በረንዳ ላይ እርጥበት ይስባል፤ የላሚኔት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ውስጡ የታመቀ የእንጨት ብናኝ ስለሆነ አንዴ ካበጠ ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም።

እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚያብጠውና የሚኮማተረው በስፋቱ ነው። ለምሳሌ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተራ የጥድ ጣውላ እርጥበቱ ከ10 ወደ 14 በመቶ ቢጨምር ወደ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 30 ጣውላዎች ጎን ለጎን ተጠባብቀው ሲገጠሙ ድምሩ 3 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ፣ መላወሻ ያጣው ወለል መሐሉ ላይ ይነሳል። ስለዚህ እንጨቱን ከመግጠምዎ በፊት በረንዳው ላይ አየር እንዲያገኝ አድርገው ይደርድሩት፤ ሲገጥሙም በግድግዳውና በምሰሶዎቹ ዙሪያ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ።

ስለ እንጨቱ ዓይነት፣ ቲክን የመሳሰሉት መበስበስን በመቋቋም ይታወቃሉ፤ ይህ ግን የሚሠራው ለግንዱ መሐለኛ ክፍል እንጂ ከቅርፊቱ ሥር ላለው ነጣ ያለ ክፍል አይደለም። በመድኃኒት የታከመ ጥድም በርካሽ ዋጋ በቂ አገልግሎት ይሰጣል። በእኛ ግምት ከእንጨቱ ስም ይልቅ የውሃው መውጫ ይበልጣል። ወጨፎ እምብዛም የማይደርስበት በረንዳ ምላስና ቦይ ኖሮት እርስ በርሱ የሚቆላለፍ ጣውላ ይስማማዋል። ዝናብ በየጊዜው የሚያርሰው ከሆነ ግን በደረቅ ጣውላዎች መካከል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት እየተዉ መግጠም ይሻላል፤ የተቆላለፈ ጣውላ ውሃ ከገባበት ቶሎ አይደርቅምና።

የሞራሌዎችዎ አቀማመጥ ጥሩ ነው፤ ጣውላው ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲዘረጋ ያስችላል። ከግድግዳው እየራቀ ሲሄድ እያንዳንዱ ሞራሌ ከቀደመው ጥቂት ዝቅ ብሎ ወለሉ በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ተዳፋት ካገኘ፣ ውሃው መጋጠሚያዎቹን ሳያቋርጥ የጣውላውን ርዝመት ተከትሎ ይወርዳል። ጣውላው 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው የሞራሌዎቹ ርቀት ከ40 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ከሥር ያለው ባዶ ቦታም ነፋስ የሚመላለስበት ይሁን፤ የቀድሞው ወለል የበሰበሰው ከታች በኩል ከሆነ ጥፋቱ እዚያ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሠራተኞች የሚዘሉት ሥራ ጣውላው ከመገጠሙ በፊት ጀርባውን፣ ጠርዙንና ጫፎቹን ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ የመጀመሪያ ቅብ) መቀባት ነው። በተለይ በመጋዝ የተቆረጠው ጫፍ ከገጹ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ውሃ ስለሚጠጣ፣ በሥራ መሐል ጣውላ ባሳጠሩ ቁጥር አዲሱን ጫፍ ወዲያው ይቅቡት። ምስማሩ ወይም ብሎኑ የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ተራ ብረት ከመዛጉም በላይ እንደ ኦክ ባሉ እንጨቶች ላይ ጥቁር እድፍ ይተዋል።

የመጨረሻውን ሽፋን በተመለከተ፣ የቤት ውስጥ ቫርኒሽ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቅና ይላላጣል፤ ለማደስም ሁሉንም መፋቅ ግድ ይሆናል። ወይ ለበረንዳ ወለል የተዘጋጀ ቀለም፣ ወይ እንጨቱ ውስጥ የሚሰርግ ዘይት ይጠቀሙ። ዘይቱ ቶሎ ቶሎ መታደስ ቢፈልግም ወለሉን አጽድቶና አድርቆ ደግሞ መቀባት ይበቃዋል።