ከዕቃ ግምጃ ቤት የሚጀምር የዳታቤዝ ሥራ

የተከበርሽ ጠያቂያችን፣

ባሕር ዳር ውስጥ በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽና የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን አጎትሽ በሚሠሩበት የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ ለመሥራት እንዳሰብሽ ጽፈሽልናል። ጓደኞችሽ ግን «ኮንስትራክሽን የሲቪል ኢንጅነሮች ነው፤ ዳታቤዝ የተማረ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ባንክ ይሞክር» እያሉ ልብሽን ለሁለት እንደከፈሉት ገልጸሻል።

እኔ እዚሁ እንድትጀምሪ እመክርሻለሁ። ተቋራጭ ድርጅት መዝገብ አያጣም፤ መዝገቡ ግን ተበታትኖ ነው የሚገኘው። የግዢ ደረሰኙ ሒሳብ ክፍል፣ የዕቃው ገቢና ወጪ በስቶር ኪፐሩ ካርድ ላይ፣ የተሠራው ሥራ ልክ በኦፊስ ኢንጅነሩ ኤክሴል ውስጥ፣ የቀን ሠራተኛው ሰዓት ደግሞ በፎርማኑ ደብተር ይቀመጣል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ የሚገለጠው ሥራ አስኪያጁ «ወደ መራዊ ሳይት ከላክነው ፌሮ ምን ያህሉ ሥራ ላይ ዋለ?» ብለው የጠየቁ ዕለት ነው።

ይህን ጥያቄ ከባድ የሚያደርገው የመለኪያው መለያየት ነው። ሻጩ ፌሮውን (የኮንክሪት ማጠናከሪያ ብረቱን) በኪሎ ያስከፍላል፤ ስቶር ኪፐሩ በቤርጋ፣ ማለትም በሙሉ ዘንግ፣ ቆጥሮ ይረከባል፤ የውሉ የሥራ ዝርዝር ደግሞ ተመልሶ በኪሎ ይጠይቃል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በአንድ ሜትር 0.888 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ 12 ሜትር የሚረዝመው አንድ ቤርጋ 10.66 ኪሎ ያህል ይመጣል፤ 100 ቤርጋ ማለት እንግዲህ 1,066 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ስሌት በዳታቤዙ ውስጥ አንድ ጊዜ በትክክል ከተቀመጠ፣ የተገዛው፣ ከግምጃ ቤት የወጣውና በክፍያ ሰርተፍኬት (ተቋራጩ ለሠራው ሥራ ክፍያ በሚጠይቅበት ሰነድ) የተጠየቀው መጠን በአንድ መለኪያ ጎን ለጎን ሊነበብ ይችላል። ልዩነት በታየ ቁጥር ግን ስቶር ኪፐሩን ለመጠርጠር አትቸኩዪ፤ ፌሮው ራሱ ከተባለው ውፍረት ቀጥኖ የተመረተ ወይም በቁርጥራጭ የባከነ ሊሆን ይችላልና። ሲሚንቶም በኩንታል ተገዝቶ በ50 ኪሎ ከረጢት የሚቆጠር፣ አሸዋም በመኪና ጭነት ገብቶ በሜትር ኩብ የሚሰላ በመሆኑ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

ስያሜም ሌላው ፈተና ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ ያንኑ ዕቃ አንዱ «ፌሮ 12»፣ ሌላው «12 ሚሜ ብረት»፣ ሦስተኛው «ዲያሜትር 12» ብሎ በመመዝገቡ፣ ግምጃ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ እንደሌለ ተቆጥሮ እንደገና ሲገዛ አይቻለሁ፤ በከንቱ የወጣው ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ በአይቢኤም ኩባንያ ሲሠራ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው፣ መረጃን በሠንጠረዦች የማደራጀት ንድፈ ሐሳብ ለዚህ መድኃኒት አለው፤ እያንዳንዱ ነገር አንድ መለያ ይኖረዋል፣ ሌሎች ሠንጠረዦችም በዚያ መለያ ብቻ ይጠሩታል። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ነው፤ «ኃይሉ»ም «ሀይሉ»ም ለእኛ አንድ ሰው ቢሆንም ለኮምፒውተሩ ሁለት ስለሆነ፣ የቀን ሠራተኛን በስም ብቻ የሚመዘግብ የደመወዝ ዝርዝር ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል።

ቀኑንም አስቢበት። የሳይት ማስታወሻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ውሉ በአውሮፓውያኑ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዳታቤዙ ውስጥ ቀኑን በአንድ ዓይነት ብቻ አስቀምጪና በሁለቱም እንዲታይ አድርጊ፤ ጳጉሜንንም እንዳትረሺ። የኮንክሪት ናሙና በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ስለሚፈተን፣ የሙሌቱ ቀን ሲመዘገብ የፈተናውን ቀን አስልቶ የሚያሳይ ትንሽ ሪፖርት እንኳ ኢንጅነሮቹን በእጅጉ ያግዛቸዋል። በጣና ዙሪያ ባለው ጥቁር አፈር ላይ የክረምት ዝናብ ሥራ ሲያስቆም ደግሞ፣ ቀን በቀን የተያዘ መዝገብ ተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያ ሲጠይቅ ማስረጃው ነው፤ ከወራት በኋላ በትዝታ የተጻፈ ደብዳቤ ያንን ያህል አያሳምንም።

ስለ መሣሪያው ብዙ አትጨነቂ። ነፃ የሆኑት የዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። ይልቅስ ሳይት ላይ መብራትና ኢንተርኔት እንደሚቋረጥ ከመጀመሪያው አስቢ፤ ስቶር ኪፐሩ በወረቀት ጽፎ በኋላ እንዲያስገባ የሚፈቅድ ቅጽ፣ በየዕለቱም ከቢሮው ውጭ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ ያስፈልጋል።

ፕሮጀክትሽን በአንድ ሳይትና በአንድ ግምጃ ቤት ገድቢው። ንድፍ ከመሳልሽ በፊት አጎትሽን አስፈቅደሽ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ከስቶር ኪፐሩ ጋር ተቀምጠሽ የሚሞላቸውን ቅጾች ሁሉ አብረሽ ሙዪ፤ የትኛው ቦታ ባዶ እንደሚቀርና ለምን እንደሚቀር በትሕትና ጠይቂ። ለሥራ ስታመለክቺ ቀጣሪውን የሚያሳምነው የተማርሽው ኮርስ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን፣ የአንድን ወር የፌሮ ገቢና ወጪ አስታርቀሽ የምታሳዪው አንድ ገጽ ሪፖርት ነው፤ የድርጅቱን ዋጋና የሠራተኞቹን ስም ግን ሳታስፈቅጂ አታውጪ። ወደ ቢሮው የምትሄጂው በወሩ መጀመሪያ ቢሆን ይሻላል፤ በወር መጨረሻ ኦፊስ ኢንጅነሮቹ የክፍያ ሰርተፍኬት ለማድረስ ስለሚጣደፉ ጥያቄሽን ረጋ ብሎ የሚመልስልሽ ሰው ላታገኚ ትችያለሽ።