በአሮጌ ዕቃ ጥሩ ድምፅ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ከሃያ ዓመት በላይ ቴፕና ሬዲዮ ስፈታ ኖሬያለሁ። ቤቴ ውስጥ ካለው ሙዚቃ ማጫወቻ አንድም አዲስ የተገዛ የለም። ያገለገለ ዕቃ እየገዛ ቤቱ ጥሩ ስቴሪዮ መገጣጠም የሚፈልግ ካለ ይጠይቀኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 25 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። እንዴት ባካፍለው ይሻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ግማሹን፣ ከቻልክም ትንሽ አለፍ አድርገህ፣ ለስፒከር። ከቀረው አብዛኛው ለአምፕሊፋየር፣ ድምፁን ለሚያጎላው ሳጥን። ለማጫወቻ ለጊዜው አምስት ሳንቲም አታውጣ፤ ስልክህ ይበቃሃል። ሁለት ሺህ ብር ደግሞ ኪስህ ውስጥ ትቅር። ያገለገለ ዕቃ ቤት ከገባ በኋላ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፦ ሽቦ፣ ፊውዝ፣ የሠራተኛ ዋጋ።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ገንዘቡን ቁልፍ የበዛበት ትልቅ አምፕሊፋየር ላይ ይጨርስና በተረፈችው ያገኘውን ስፒከር ይገዛል። በደህና ሁኔታ ላይ ያሉ ሁለት አምፕሊፋየሮች የድምፅ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ሁለት ስፒከሮች ግን የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በዚሁ ብር አዲስ፣ መብራት የሚያበራ፣ 5000 ዋት የሚል አለ። ለምን አሮጌ ልግዛ?

መልስ፦ 5000 ዋት የሚለው ፊት ለፊቱ ላይ ነው። ዕቃውን አዙረው። ከኋላ፣ ገመዱ የሚወጣበት አካባቢ፣ በደቃቅ ፊደል ስንት ዋት ከመብራት እንደሚስብ ተጽፏል። 60 ወይም 80 ታገኛለህ። ከሶኬቱ 80 ዋት የሚወስድ ዕቃ ያለማቋረጥ 5000 ዋት ከየት አምጥቶ ይሰጥሃል?

ደግሞም ዋት እንደሚወራለት አይደለም። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ለጆሮ ትንሽ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማህ ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ናድ 3020 የሚባለው አምፕሊፋየር በአንድ ጎን 20 ዋት ብቻ ተብሎ ነው የተሸጠው። እስከ ዛሬ ሰው እየፈለገ ይገዛዋል። ለአንድ ሳሎን 20 ንጹሕ ዋት ጎረቤት ያስቀይማል።

ጥያቄ፦ ስፒከር ስገዛ ምን ምን ልይ? ሻጮቹ ያጣድፉኛል። (ከመርካቶ ለመግዛት ያሰበ)

መልስ፦ የሚያጣድፍህን ሻጭ ትተኸው ሂድ። ከሁሉ በፊት ግን፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት ስፒከር አትግዛ። እኔ ራሴ ገዝቼ አይቻለሁ። መሽቶ ነበር፣ መብራት የለም፣ በስልክ ባትሪ አየሁት። ሳጥኑ ያብረቀርቃል። በማግስቱ ቤት ስከፍተው የአንዱ ትዊተር፣ ያቺ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ፣ ጭጭ። ሻጩን ሳገኘው «አንተ ነህ ያቃጠልካት» አለኝ። ምን ብዬ ልከራከር?

በመጀመሪያ የፊቱን ጨርቅ አስነሳ። ትልቁ ስፒከር ዙሪያውን በቀለበት ተይዟል፤ ቀለበቱ ወይ ጎማ ነው ወይ ስፖንጅ። ጎማ ከሆነ ደስ ይበልህ፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ስፖንጅ ከሆነ በጣትህ ቀስ ብለህ ንካው። ጤነኛው ተጭኖ ይመለሳል። የበሰበሰው እንደ ደረቀ ኬክ ጣትህ ላይ ይረግፋል። ስፖንጁ በጊዜ ብዛት፣ ሳይሠራ ተቀምጦም፣ ያልቃል። አዲስ ቀለበት መለጠፍ ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከመግዣው ላይ ይቀነስ።

ከዚያ የሁለቱን እጅህን ጣቶች በግራና በቀኝ አድርገህ የስፒከሩን ወረቀት፣ መሃሉ ላይ ያለውን የሚንቀጠቀጠውን ክፍል፣ እኩል፣ በዝግታ፣ ወደ ውስጥ ግፋው። ያለ ድምፅ ገብቶ መውጣት አለበት። ኽርር የሚል ነገር ከሰማህ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅልል ማግኔቱን እየፈተገ ነው። እሱን ተወው።

ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካለህ በኦም አድርገህ ጫፎቹን ከስፒከሩ ጀርባ ባሉት ቀይና ጥቁር ማሰሪያዎች ላይ አስነካ። ባለ 8 ኦም ስፒከር ብዙውን ጊዜ 6 አካባቢ ያነባል። ምንም ካላነበበ ወይ ጥቅልሉ ተበጥሷል ወይ ውስጡ የሆነ ቦታ ሽቦ ተለቋል። በመጨረሻ ሙዚቃ ክፈትበትና ጆሮህን ወደ እያንዳንዷ ትዊተር አስጠጋ። ሁለቱንም ጎን። አንዱን ብቻ ሰምቶ «ደህና ነው» ማለት የኔን ስህተት መድገም ነው።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ብራንድ ልግዛ?

መልስ፦ ያማሃ፣ ዴነን፣ ፓዮነር፣ ኬንዉድ፣ ሶኒ፣ ቴክኒክስ፣ በአምፕሊፋየር ሁሉም በጊዜያቸው ጥሩ ሠርተዋል። በስፒከር ዋርፌዴል፣ ኬፍ፣ ጄ.ቢ.ኤል ካገኘህ ጎሽ። ነገር ግን ስም የለጠፉ አስመሳዮችም ሞልተዋል። አንተ የምትገዛው ስሙን ሳይሆን ፊትህ ያለውን ዕቃ ነው። በደንብ የተያዘ ተራ ብራንድ ዝናብ ከመታው ታዋቂ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ አምፕሊፋየር በጣም ርካሽ ነው። ለወንድሜ ይዤለት ብመጣ ይሠራለታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን በመጠየቅሽ አንድ አምፕሊፋየር ከሞት አድነሻል። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ አገር ቤት 220። በቀጥታ ከተሰካ ያልቅለታል። አንድ ጊዜ ከጃፓን የመጣ፣ የ100 ቮልት፣ እንደ አዲስ የሚያምር ዕቃ ጽሑፉን ሳላነብ ሰክቼ አውቃለሁ። «ጧ» አለ፣ ከዚያ ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ነጭ ጭስ ወጣ። ሽታው ለሁለት ቀን ከቤት አልወጣም። ባለቤቴ ዛሬም ታነሣዋለች።

ከመግዛትሽ በፊት ጀርባውን እዪ። አንዳንዱ የቮልት መቀየሪያ አለው፤ በካቻቪቴ ወደ 220 ወይም 240 ማዞር ነው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ወንድምሽ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የትራንስፎርመሩ ዋት አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ከተጻፈው በደንብ ይብለጥ። ዋጋውንና ክብደቱን ስትደምሪው ርካሽነቱ ሊጠፋ ይችላል።

ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ፍራንክፈርት ያላችሁ ይህ ጣጣ የለባችሁም። ቮልታችሁ ከኛ ጋር ይቀራረባል፤ ቢበዛ ስፒናው ይቀየራል። ስፒከር ግን ሶኬት ላይ ስለማይሰካ ከየትም ይምጣ። ሻንጣ 23 ኪሎ ከተፈቀደልሽ፣ እኔ ብሆን አምፕሊፋየሩን ትቼ ትናንሽ የመደርደሪያ ስፒከሮች በልብስ ጠቅልዬ እይዝ ነበር።

ጥያቄ፦ የአባቴ ሸክላዎች አሉን። ማጫወቻ አግኝተን ብንሰካው ድምፁ እንደ ትንኝ ነው። ሌላ ዘመዳችን ከአሜሪካ ያመጣው ደግሞ ዘፋኙን እንቅልፍ የያዘው ያስመስለዋል።

መልስ፦ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው።

የመጀመሪያው፦ የሸክላ መርፌ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው፣ በተለመደው ዓይነት 5 ሚሊቮልት አካባቢ። የሲዲ ማጫወቻ ወደ 2 ቮልት ይሰጣል። አራት መቶ እጥፍ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው። ሁለቱንም የሚያስተካክለው «ፎኖ» የሚባለው መግቢያ ነው። የድሮ አምፕሊፋየሮች ከኋላ አላቸው፣ እዚያ ሰኩት። ከሌለው ፎኖ ፕሪአምፕ የምትባል ትንሽ ሳጥን ለብቻ ትገዛለች።

ሁለተኛው፦ የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው (በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል)፣ የኛ 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ፍጥነቱን ከመብራቱ የሚወስድ ሞተር እዚህ ሲመጣ ከስድስት አምስት እጁን ብቻ ይሮጣል። በደቂቃ 45 መዞር የነበረበት ሸክላ 37 ተኩል ይዞራል። ጥላሁን ገሠሠን ከእንቅልፉ የቀሰቀሱት ይመስላል። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ካቋቋመው የሸክላ አሳታሚ አምሐ ሪከርድስ ጀምሮ የዚያ ዘመን ዘፈን በብዛት የታተመው በትናንሾቹ ባለ 45 ሸክላዎች ስለሆነ ነገሩ ለኛ ጥቃቅን አይደለም። ለአንዳንዱ ሞዴል ቀበቶው የሚዞርባት መዘውር በ50 ኸርዝ ልክ ትገኛለች። ፍጥነቱን በራሱ ክሪስታል የሚቆጣጠር፣ ለምሳሌ ቴክኒክስ ኤስ.ኤል. 1200 ማርክ 2፣ ኸርዙ አያሳስበውም። ቮልቱን ግን እዩ።

መርፌው ካረጀ ደግሞ ሸክላውን ያርሰዋል። መርፌ ላይ አትቆጥቡ፤ የአባታችሁ ሸክላ ሁለተኛ አይታተምም።

ጥያቄ፦ የድምፁን ቁልፍ ሳዞር ይንቋቋል፣ አንዳንዴ አንዱ ጎን ይጠፋል። ልጣለው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! አቧራና ዝገት ነው። ከሶኬት ንቀለውና ክዳኑን ሳትከፍት ለግማሽ ሰዓት ተወው፤ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፣ ይመታሉ። ከዚያ በኋላ ክዳኑን ስትከፍትም እነሱን አትንካ። የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ በቁልፉ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ትንሽ ንፋና ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አዙረው። ሲደርቅ ሰካው። እንደዚህ ተብሎ በግማሽ ዋጋ የተሸጠ ስንት ዕቃ ገዝቻለሁ።

ያገለገለ አምፕሊፋየር ስትገዛ ግን አንድ ፈተና አትዝለል። ስፒከር ሳይያያዝበት፣ ድምፁ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ቴስተሩን በዲሲ ቮልት መለኪያው ላይ አድርገህ የስፒከር መውጫውን ለካ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ሰላም ነው። ሙሉ ቮልቶች ካየህ ስፒከርህን አታገናኘው፣ ያቃጥለዋል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ደህና ነው፣ ግን ቤዙ የለም።

መልስ፦ ከአንዱ ስፒከር ጀርባ ቀይና ጥቁሩን አቀያይረህ አስረሃል ብዬ እጠረጥራለሁ። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙ አየር ላይ ይጠፋል። የቀለሙ ምልክት ከጠፋ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ አምጣ። ፖዘቲቩን በአንዱ፣ ኔጌቲቩን በሌላው ጫፍ ለቅጽበት ንካ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከዘለለ ፖዘቲቭ የነካው ቀዩ ነው።

ጥያቄ፦ ውድ ሽቦ ልግዛ?

መልስ፦ አይ። ንጹሕ የመዳብ፣ ባለ 1.5 ወይም 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የቤት ሽቦ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ክፍሉ ያስተጋባል።

መልስ፦ ባዶ ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ነው ጠላትሽ። ወፍራም ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ መጻሕፍት የሞላ መደርደሪያ። ስፒከሮቹን ከቴሌቪዥኑ ቁም ሳጥን ውስጥ አውጪያቸው። ትዊተሯ በተቀመጥሽበት የጆሮሽ ቁመት ላይ ትሁን፤ ሁለቱ ስፒከሮች የተራራቁትን ያህል አንቺም ከእያንዳንዳቸው ራቂ። ከኋላቸው ካለው ግድግዳ አንድ ሁለት ክንድ ብትስቢያቸው የሚያጉረመርመው ቤዝ ይጠራል። ይህ ሁሉ ነፃ ነው፣ ለውጡ ግን አዲስ ዕቃ ከመግዛት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋና ሲመጣስ?

መልስ፦ ሲጠፋ ወዲያው ንቀል። ተመልሶ ሲመጣ የሚዘለው ቮልት ነው የሚገድለው። አምስት ደቂቃ ጠብቀህ ሰካ።

ጥያቄ፦ እርስዎ ቤት ያለው ምንድን ነው? (አምስት ሰዎች ጠይቀዋል)

መልስ፦ ከአንድ ወደ ውጭ አገር ከሚሄድ ሰው የገዛሁት የያማሃ አምፕሊፋየር፣ የድምፅ ቁልፉ ከሌላ ዕቃ የተነቀለ፣ ቀለሙ የማይመሳሰል። ስፒከሮቹ ዋርፌዴል ናቸው። የግራውን የፊት ጨርቅ ድመታችን ቧጥጣ ጨርሳው አሁን የለበሰው ከአሮጌ ጥቁር ሱሪዬ የተቆረጠ ነው። ሱሪው ስስ ስለነበር ድምፁን አልያዘውም።