መልስ፦ ልጁ ከወላጆቹ ሰርግ በፊት እንዴት ተጠመቀ?

በአንድ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ልጁ ፌብሩዋሪ 1665 እንደተጠመቀ፣ ወላጆቹ ግን ኤፕሪል 1665 እንደተጋቡ አይተው ጠይቀዋል። መዝገቡ አልተሳሳተም። ኤፕሪል 1665 የተጋቡት ወላጆች ልጃቸውን ያስጠመቁት ከሰርጉ አሥር ወር በኋላ ነው።

በእንግሊዝ አዲስ ዓመት የሚገባው እስከ 1751 ድረስ ማርች 25 ቀን ነበር። ስለዚህ በደርቢሺር፣ በኢም መንደር የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ያገኙት «ፌብሩዋሪ 1665» ከዲሴምበር 1665 በኋላ የመጣው ፌብሩዋሪ ነው፤ በዛሬው አቆጣጠር 1666 ይሆናል። ዓመቱ በመስከረም ለሚለወጥለት ለእኛ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ለማረጋገጥ፦

1. የገጹን ፎቶግራፍ ይክፈቱ። ከጥምቀቱ በላይ ዲሴምበር 1665 ተጽፎ፣ ዝቅ ብሎ 1666 የሚጀምረው በማርች መጨረሻ ከሆነ ጉዳዩ ተዘጋ።

2. በማስታወሻዎ ላይ 1665/66 ብለው ሁለቱንም ይጻፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመዝገብ ተገልብጠው ኮምፒውተር ላይ የተጫኑ ዝርዝሮች አሉ፤ በእነርሱ ላይ ገልባጩ ዓመቱን አስቀድሞ አስተካክሎት ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን ሳላጣራ በላዩ ላይ አንድ ዓመት ደርቤ፣ አንዲትን ሴት ከተቀበረች ከአምስት ወር በኋላ አዋልጃታለሁ። ስህተቱን ያየሁት የዘር ሐረጉን ለቤተሰቡ ካደልሁ በኋላ ነበር።

በኢም ደግሞ አንድ ዓመት ቀላል ነገር አይደለም። ከሴፕቴምበር 1665 እስከ 1666 መገባደጃ ወረርሽኝ ከመንደሩ ብዙ ሰው ፈጅቷል። የጥምቀቱን ገጽ ሲያዩ የቀብሩንም አብረው ይዩ።