የጉርሻው ሣጥንና እኔ የያዝኩት ደብተር

አራት ኪሎ ባለ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት የተቀጠረችው የወንድሜ ልጅ ባለፈው እሑድ ቡና ላይ «አጎቴ፣ የጉርሻውን ሣጥን መክፈት ያለበት ማን ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ወዲያው መልስ መስጠት አቃተኝ፤ በ1998 ዓ.ም. ፒያሳ በነበረ ምግብ ቤት ገንዘብ ያዥ ሳለሁ የምከፍተው እኔ ብቻ ነበርኩና።

ሣጥኑ ክዳኑ የተበሳ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ቅዳሜ ማታ የሳምንቱን ጉርሻ ቆጥሬ ለአምስቱ አስተናጋጆች እኩል አካፍልና በደብተሬ ላይ አስፈርማቸው ነበር። አንድ ሳምንት አራት ሰዎች በልተውና ጠጥተው 85 ብር ሳይከፍሉ ሄዱ። ባለቤቱ «ከጉርሻው ላይ አንሣው» ሲሉኝ ቃል ሳልተነፍስ ከእያንዳንዳቸው 17 ብር ቀነስኩ። ከመካከላቸው የወር ደመወዟ 180 ብር የሆነ፣ ያን ጠረጴዛ ጭራሽ ያላስተናገደች ልጅ «ደብተሩን ልየው» አለችኝ። መዳፌን ገጹ ላይ ጭኜ «ቅር ካለሽ ለባለቤቱ ንገሪ» አልኳት። ገንዘቡን ሳትወስድ፣ ሳትፈርምም ወጣች፤ ሰኞ አልመጣችም።

በጊዜው የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልተፈቀደ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ መቀነስን ይከለክል ነበር። ጉርሻውን ግን እንደ ደመወዝ የሚቆጥረው ስላልነበረ እጃችን ወደ ቆርቆሮው ሄደ። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 53 ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ አይቆጥረውም፤ ስለዚህ የሥራ ስንብት ክፍያ ሲሰላ አይታሰብም። ደመወዝ አለመሆኑ ግን የአሠሪው አያደርገውም፤ እንግዳው የሰጠው ላስተናገደው ሰው ነው። እንዲህ እያልኩም፣ ጓዳ ውስጥ እጇ በሳሙና የተላጠው ዕቃ አጣቢ አንድም ቀን ድርሻ አለማግኘቷ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እናንተ የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ፤ ነገር ግን ስለ ጉርሻ የምትጠይቁት ብዙውን ጊዜ ከተጣላችሁ በኋላ ነው። እንግዳው በቴሌብር ሲከፍል ጉርሻውን ከሒሳቡ ጋር ደምሮ ቢልከው ወደ ምግብ ቤቱ ሒሳብ ይገባል፤ መቼና እንዴት ወደ እናንተ እንደሚመለስ በተቀጠራችሁበት ቀን ጠይቁ። ለወንድሜ ልጅም ማታ ደውዬ፣ ሣጥኑ ሁለት አስተናጋጆች ባሉበት ይከፈት፣ ደብተሩም ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ አልኳት።