«ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ሲሏችሁ

ዘንድሮ ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ ዋርድ ለምትገቡ ልጆቼ፤

«ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ያላችሁን በሽተኛ ካርድ ላይ «አለርጂ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። በተወጋ በስንት ደቂቃው ወይም በስንት ቀኑ እንደጀመረው ጠይቁትና እሱንም ጻፉ። ጄል እና ኩምብስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ከልክ ያለፉ የሰውነት መከላከያ ምላሾችን በአራት ዓይነት ከፍለዋል፤ ፔኒሲሊን ብቻውን አራቱንም ማስነሳት ይችላል። የቱ እንደሆነ በመጀመሪያ ፍንጭ የሚሰጣችሁ ምላሹ የጀመረበት ጊዜ ነው።

በደቂቃዎች ውስጥ ከመጣ አንደኛው ዓይነት ነው። ቀደም ሲል የተሠራ አይጂኢ የተባለ አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) ማስት ሴሎች በተባሉ የመከላከያ ሴሎች ላይ ተለጥፎ ይቆያል፤ መድኃኒቱ ተመልሶ ሲመጣ ሴሎቹ ሂስታሚን የተባለ ኬሚካል ይለቃሉ። ቆዳ ያሳክካል፣ ከንፈር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። እዚህ ላይ የሚገድለው መዘግየት ነው። የብዙዎች እጅ መጀመሪያ ሃይድሮኮርቲሶን ወደተባለው ስቴሮይድ ይሄዳል፤ እሱ ግን ሥራውን እስኪጀምር ሰዓታት ይፈጃል፣ የሚዘጋ ጉሮሮ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። አድሬናሊን ስጡ፦ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ከያዘው አምፑል ግማሹን፤ ለልጅ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም። ቦታው የጭን ጡንቻ ነው፣ መሃሉ ላይ በውጭ በኩል። ከቆዳ ሥር ከወጋችሁት ቀስ ብሎ ነው የሚሰርገው። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ድገሙ። በሽተኛው ይተኛ፤ «ተሻለኝ» ብሎ ድንገት ብድግ ሲል ልቡ ሊቆም ይችላል።

ሁለተኛው ብዙ አያጋጥምም። መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴል ላይ ይጣበቅና አንቲቦዲ ሴሉን ያስፈርሰዋል፤ በከፍተኛ መጠን ለቀናት ሲወስድ የቆየ ሰው ከገረጣና ዓይኑ ቢጫ ከሆነ የኩምብስ ምርመራ (ቀይ የደም ሴል ላይ የተለጠፈ አንቲቦዲ የሚፈልገውን) እዘዙ። ሦስተኛው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ በትኩሳት፣ በሽፍታና በመገጣጠሚያ ሕመም ይመጣል። ለመንጋጋ ቆልፍ የሚሰጠው የፈረስ ሴረምም ይህንኑ ያመጣል። ያን ጊዜ በሽተኛው ቤቱ ነውና ሲሰናበት ንገሩት።

አራተኛው ቲ ሴሎች የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሥራ ነው፤ እስኪሰባሰቡ ቀናት ይወስድባቸዋል። የቲቢ የቆዳ ምርመራን ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የምናነበው ለዚህ ነው። የሚለካውም በጣት ሲዳሰስ የሚገኘው ጠጣር እብጠት እንጂ ቅላቱ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የምታደናግር ነገር አለች። የሥጋ ደዌ ሪአክሽን (በሥጋ ደዌ በሽተኛ ላይ ድንገት የሚነሳ የመከላከያ ምላሽ) የራሱ ቁጥር አለው፦ «ዓይነት 1» የሚባለው በጄል እና ኩምብስ አከፋፈል አራተኛው ነው፤ «ዓይነት 2» ደግሞ በአብዛኛው ከሦስተኛው ጋር ይመደባል። የመጀመሪያውን «አለርጂ ነው» ብሎ በአንቲሂስታሚን (በአለርጂ መድኃኒት) የሚሸኝ ባለሙያ፣ ነርቭ ስለሚጎዳ፣ የሰው እጅ ያሳጣል። የቆዳው ምልክት ድንገት ቀልቶ ካበጠ ክርን ላይ ያለውን ነርቭ ዳብሱ፣ የጣቶቹን ጉልበት ፈትኑ፣ ዓይኑን አጥብቆ ይጨፍን እንደሆነ እዩ። አዲስ ድካም ካገኛችሁ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ሳይውል ሳያድር ይጀመር፤ የሥጋ ደዌው መድኃኒት ግን አይቋረጥ።