መሲንቆው በስታክስ፣ ድቤው በዳይናሚክ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን አዘጋጆች። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽዬ ስቱዲዮ አለችኝ፣ መንዙማና የአዝማሪ ዘፈን ነው በብዛት የምቀዳው። የምሰራበት ሄድፎን ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ነው። አጎቴ ደሞ ጃፓን ሲሰራ ቆይቶ ሊመለስ ነውና ስታክስ የሚባል ኤሌክትሮስታቲክ ሄድፎን ከነማሽኑ ልስጥህ አለኝ። የድሮውን ሽጬ በሱ ልስራ? ልዩነቱስ በእውነት ይሰማል ወይስ ወሬ ነው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ይሰማል፣ ወሬ አይደለም። የድሮውን ግን እንዳትሸጠው።

ያንተ ሴንሃይዘር ዳይናሚክ ነው፣ ማለት ትንሽዬ ስፒከር በለው፣ ስሷ ሽፋን ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ተለጥፎ ማግኔት መሃል ይቀመጣል፣ ድምፁ ሲመጣ ሽቦው ወዲያ ወዲህ እያለ ሽፋኗን ይገፋታል። ሽቦውን ተሸክማ ነው እንግዲህ የምትሮጠው። ስታክሱ ላይ ይሄ ሸክም የለም። ውፍረቷ ጥቂት ማይክሮን የሆነች ፕላስቲክ በሁለት የተበሳሱ ብረቶች መሃል ትወጠራለች፣ ከማሽኑ፣ ማለት ሄድፎኑን ከሚያሰራው አምፕሊፋየር፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሰጣታል፣ ከዛ አንዱ ብረት ሲገፋት ሌላው እየሳባት ሁለመናዋ እኩል ይንቀሳቀሳል። ጃፓኖቹ ይሄን ከ1960 እ.ኤ.አ ጀምሮ ሲሸጡት ነው የኖሩት።

መሲንቆ ላይ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የመሲንቆ ክሩም የፈረስ ጭራ፣ ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው አይደል፣ አምባሰል ሲጫወት በስታክስ ስሰማው ጭራ ከጭራ ሲፋተግ፣ ደጋኑ ሄዶ ሲመለስ መሃል ላይ ያለችውን ቅጽበት፣ አዝማሪው ግጥሙን ሊያወርድ ሲል የሚስባትን ትንፋሽ ሳይቀር ሰማሁ፣ ወላሂ ያ ሰውዬ አጠገቤ የተቀመጠ ነው የመሰለኝ። በዳይናሚክ ድምፁ ያው ነው ግን እነዚህ ነገሮች ትንሽ ይዋጣሉ።

መንዙማ ላይ ስትመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ስታክሱ መዳፍ ድቤው ቆዳ ላይ የት ጋ እንዳረፈ ይነግርሃል፣ ቤዙም ወደታች ይወርዳል፣ ጡጫው ግን የለም። ዳይናሚኩ ግን ምቱን ያሳርፍብሃል። እና በስታክስ ብቻ ሚክስ ካረክ፣ ማለት የተቀዱትን ድምፆች ካመጣጠንክ፣ ጡጫው አነሰኝ እያልክ ቤዝ ትጨምራለህ፣ ከዛ ሰዉ ሚኒባስ ውስጥ ሲከፍተው ድቤው መንዙማውን ይውጠዋል። ስለዚህ ሚክሱን በለመድከው ስራ፣ ስታክሱን ድምፅ ለማጽዳትና ለመጨረሻ ማዳመጫ አርገው። ለዘማሪው ግን ሁለቱንም እንዳትሰጠው፣ ሁለቱም ክፍት ስለሆኑ ድምፁ አፈትልኮ ማይክ ውስጥ ይገባል፣ ዝግ ሄድፎን ግዛለት።

አጎትህ ሳይመጣ ማሽኑን ከኋላው አንብቦ ይንገርህ። ለጃፓን ገበያ የተሰራ ከሆነ 100 ቮልት ነው የሚለው፣ እሱን የኛ 220 ላይ በቀጥታ ሰካህ ማለት አቃጠልከው ማለት ነው፣ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። መብራት ሲጠፋም ስራ የለም፣ ስልክ ላይ አይሰካም። ክረምት ላይ ደሞ የደሴ ጉም ቤት ድረስ ስለሚገባ እርጥበት እንዳያገኘው፣ አቧራም ፀጉርም እንዳይገባበት በጨርቅ ሸፍነህ አስቀምጠው። የሄድፎኑ መሰኪያ ላይ ያሉትን እግሮችም ይቁጠርልህ፣ 5 ከሆኑ አዲሱ፣ ከማሽኑ (ከግድግዳው አይደለም) 580 ቮልት የሚፈልገው ነው፣ 6 ከሆኑ የድሮው ባለ 230 ቮልቱ ነው፣ ማሽኑም ከሱ ጋ የሚሄድ መሆን አለበት።