«ጥናት አረጋግጧል» ሲባል፦ የሽፈራው ዱቄትና የእናቴ የስኳር መድኃኒት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ58 ዓመቷ እናቴ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ካገኛቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። ከሁለት ወር በፊት ጎረቤታችን የሽፈራው (ሞሪንጋ) ዱቄት አምጥተውላቸው በየጠዋቱ አፍልተው ይጠጣሉ። በባዶ ሆድ ሲለኩ 190 የነበረው ስኳራቸው አሁን 140 ደርሷል። ወንድሜ ደግሞ «ሞሪንጋ ስኳርን እንደሚያድን ጥናት አረጋግጧል» የሚል ቪዲዮ ስለላከላቸው ኪኒኑን ሊያቆሙ ነው። እኔ ፈርቻለሁ፤ ነገር ግን «ጥናት ነው» ሲሉኝ የምመልሰው የለኝም። እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት መመዘን ይቻላል?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ እናትዎ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ የትኛውንም ኪኒን እንዳያቆሙ ይለምኑልኝ። ከፍ ያለ ስኳር ምንም ሳያሳምም ለዓመታት ዓይንን፣ ኩላሊትንና የእግር ነርቮችን ሊጎዳ ስለሚችል፣ የሚሰማቸው ደኅንነት ለውሳኔ አይበቃም።

ስለ ሽፈራው የተደረጉ ጥናቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ ስለዚህ ወንድምዎ ፈጥሮ አልተናገረም። መጠየቅ ያለበት ጥናቱ በማን ላይ፣ በምን መጠንና ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደተደረገ ነው። አብዛኞቹ የተሠሩት በአይጦች ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ አሎክሳን ወይም ስትሬፕቶዞቶሲን የተባለ ኬሚካል በመርፌ ተሰጥቶ ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሴሎች እንዲጎዱ ይደረግና፣ ከቅጠሉ በውሃ ወይም በአልኮል ተጨምቆ የወጣው ንጥር በአይጡ ክብደት ልክ ይሰጣል። የእናትዎ ሕመም በአብዛኛው የሚነሣው ሰውነት ለኢንሱሊን በቂ ምላሽ ባለመስጠቱ ነው፤ የሚጠጡትም የተፈላ ዱቄት እንጂ ያ ንጥር አይደለም። በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ጥቂት፣ ተሳታፊዎቻቸው አነስተኛ፣ ጊዜያቸውም አጭር ሲሆን ውጤታቸውም እርስ በርሱ አይገጥምም። ከዚህ ተነሥቶ «ተስፋ ሰጪ ነው፤ ይጠና» ማለት ይቻላል፤ «ያድናል» ማለት ግን ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ መጫን ነው።

ከአይጦቹ ይልቅ እናትዎን ያሳመናቸው የራሳቸው 190 እና 140 መሆኑን እገምታለሁ፤ ተፈጥሯዊም ነው። ሆኖም ቁጥሩ መውረዱ አንድ ነገር፣ ያወረደው ሽፈራው መሆኑ ሌላ ነገር ነው። ለቤት መለኪያ መሣሪያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ንባቡ ከ100 በላይ ሲሆን ከላቦራቶሪው ውጤት እስከ 15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ይፈቅዳል፤ እንግዲህ ትክክለኛው ስኳር 165 ሆኖ ሳለ፣ ልዩነቱ እስከ ጫፉ ከሄደ፣ መሣሪያው አንድ ቀን 190፣ ሌላ ቀን 140 ሊያሳይ ይችላል። በዚያ ላይ የባዶ ሆድ ስኳር በእንቅልፍ፣ በጭንቀት፣ ባለፈው ማታ እራት ሳቢያ ከቀን ወደ ቀን ይዋዥቃል። ሰው አዲስ ነገር የሚጀምረው ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ባስደነገጠው ሰሞን ነው፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ከፍታ በኋላ ምንም ባይደረግም የሚቀጥለው ልኬት ወደ ተለመደው መጠን ዝቅ ማለቱ ይበዛል። እስቲ እነዚህንም ይጠይቋቸው፦ በእነዚህ ሁለት ወራት ጾም ገብቶ ነበር? ጠዋት ጠዋት ሽፈራው የተካው በስኳር የሚጠጡትን ሻይ ነው? ኪኒኑንስ ከበፊቱ ይልቅ ሳያዛንፉ ይወስዱ ነበር? ለአንዱ እንኳ መልሳቸው «አዎ» ከሆነ፣ የወረደውን ስኳር በሽፈራው ስም ብቻ መመዝገብ ያስቸግራል።

ሕክምና ይህን ችግር የሚፈታበት መንገድ አንድ ነው፦ ነገሩን ያልወሰዱ፣ በሌላው ሁሉ ግን የሚመሳሰሉ ሰዎችን ጎን ለጎን ማየት። እ.ኤ.አ. በ1948 በታተመው የብሪታንያ ሙከራ 107 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው 55ቱ ስትሬፕቶማይሲን ሲሰጣቸው፣ 52ቱ በጊዜው በተለመደው የአልጋ ዕረፍት ብቻ ቆዩ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኞቹ 14 ሞቱ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን በዕረፍት ብቻ ከቆዩትም መካከል የተሻላቸው መኖራቸው ነው። እነርሱ ባይቆጠሩ ኖሮ መድኃኒቱን ወስዶ የተሻለው ሰው ሁሉ በመድኃኒቱ ዳነ ይባል ነበር። ዕጣ የተጣለውም ሐኪሙ ጠንከር ያሉትን መርጦ ለሚወደው መድኃኒት እንዳያደላ ነው።

ይህ ሚዛን ለቅጠል ብቻ ከሆነ አድልዎ ይሆናልና እኔ የማዝዘውም ኪኒን ይመዘንበት። ሜትፎርሚን ራሱ መነሻው ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ ከተባለ፣ በአውሮፓ የቆየ የባህል መድኃኒት ከነበረ ተክል ጋር የተያያዘ ነው፤ ዣን ስተርን የተባሉት ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር ሕሙማን መስጠታቸውን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው የብሪታንያ ጥናት፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ካላቸው ሕሙማን 342ቱ ሜትፎርሚን ወስደው፣ 411ዱ በዋናነት በአመጋገብ ቆይተው፣ ለአሥር ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። በሜትፎርሚን ቡድን ሞት በ36 በመቶ ቀነሰ ተባለ። ይህ ቁጥር ያስደምማል፤ ሲዘረዘር ግን ከ1000 ሕሙማን በዓመት 20.6 የነበረው ሞት ወደ 13.5 መውረዱ፣ ማለትም በ1000 ሰው ሰባት ያህል ሰው መትረፉ ነው። «በመቶ ይህን ያህል ቀነሰ» ሲባሉ «ከስንት ወደ ስንት?» ብለው ይጠይቁ። በዚያው ጥናት ሜትፎርሚን እንደ ግሊቤንክላማይድ ካሉ መድኃኒቶች ጋር ሲደረብ ሞት ጨምሮ የታየበት አነስተኛ ክፍል ነበር፤ አጥኚዎቹ ሳይደብቁ አትመውታል፣ ብዙዎችም በኋላ የአጋጣሚ ውጤት ነው ብለው ተርጉመውታል። የሚጎዳቸውን ውጤት አብረው የሚያወጡ ሰዎችን ከሌሎቹ ይልቅ አምናለሁ። ሻጭነትን በተመለከተ፣ ቪዲዮውን የሠራው ሰው ዱቄት የሚሸጥ ከሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ የመድኃኒት ኩባንያም ሻጭ ነውና ጥርጣሬው ለሁለቱም ይድረስ።

የአገራችን ተክል ሲሆን ሐኪሞች ይንቁታል የሚለውን ክስ በተደጋጋሚ እሰማለሁ፤ አንዳንዴም እውነትነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በዚያው «እንዶድ ይገድላል» ብለው አላወጁም፤ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ ጨመሩባቸውና መሞታቸውን አረጋገጡ፣ ከዚያም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር መጠኑን፣ ለሌሎች ፍጥረታት ያለውን ጉዳትና በወንዝ ላይ ያለውን ውጤት ለዓመታት መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ሽልማት ተቀበሉ። ዓለም አቀፍ ተቋማት ሥራቸውን ለመቀበል ማንገራገራቸው ያሳዝነኛል፤ ክርክሩ ሊካሄድ የቻለው ግን ማንም ደግሞ ሊፈትነው የሚችል ማስረጃ ስለነበራቸው ነው።

ተክል መሆኑ ለደኅንነቱም ዋስትና አይሆንም። ኮሶ የኮሶ ትልን እንደሚያወጣ አባቶቻችን በትክክል ያውቁ ነበር፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የዓይን ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል። ለእናትዎም አሳሳቢው ይኸው ነው። ሽፈራው ስኳርን የማያወርድ ከሆነ ኪኒኑን ማቆም ይጎዳቸዋል፤ የሚያወርድ ከሆነ ደግሞ ከግሊቤንክላማይድ ጋር ተደርቦ ስኳራቸውን ከልክ በታች ሊጥለው ይችላል። በሁለቱም በኩል ሐኪማቸው ማወቅ አለባቸው።

ወንድምዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ፦ «ምን ውጤት ቢመጣ ሽፈራው አልሠራም ትላለህ?» ስኳሩ ሲወርድ «ሠራ»፣ ሲወጣ «መርዙ እየወጣ ነው» የሚል መልስ ካገኙ፣ በምንም ውጤት ሊሸነፍ የማይችል አባባል ስለሆነ ውጤትም ሊደግፈው አይችልም።

እንደ ምግብ ከሆነ በሽፈራው ላይ ጠብ የለኝም፤ በኮንሶና በጋሞ አካባቢ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ ነው። እናትዎ መጠጣቱን ከቀጠሉ መጠኑን አይለዋውጡ፣ ኪኒኑንም እንደታዘዘ ይውሰዱ፤ ሦስተኛው ወር ሲሞላ የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየውን የኤችቢኤዋንሲ ምርመራ አድርገው፣ ሽፈራው ከመጀመራቸው በፊት በካርዳቸው ላይ ከተመዘገበው ጋር ከኩላሊት ምርመራቸው ጭምር ለሐኪማቸው ያሳዩ። ውጤቱ በሚገባ ወርዶ ከተገኘ መድኃኒት የመቀነሱ ውይይት ያን ጊዜ ይደረጋል፤ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው እርሱ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚቀነሰው ግሊቤንክላማይድ ነው። እስከዚያው በተለይ ጾመው በሚውሉበት ቀን ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ግራ ከተጋቡ ወዲያውኑ ይለኳቸው፤ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ደግመው ይለኩ። መዋጥ ካቃታቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም ሳይሰጡ በአቅራቢያዎ ወዳለ የድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።